ምንጩን ምን አደረግሽው?

ሽማግሌው ፎቶግራፉን በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ብርሃን አዞሩት። አቅርበው አዩት፤ አርቀው አዩት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ከመሐል ትንሽ ወደ ግራ ባለች፣ ምንም በሌለባት ነጭ ቦታ ላይ አሳርፈው «ምንጩን ምን አደረግሽው?» አሉኝ።

ይህ የሆነው በኅዳር ነው። አሁን መጋቢት ገብቷል። ጥያቄያቸው ግን ጥርስ መሐል እንደተሰነቀረ የሥጋ ክር ሆኖብኛል፤ ምላሴ ሳላዝዘው እየሄደ ይነካካዋል። ቢሮ ተቀምጬ የወር መዝጊያ ሒሳብ ስሠራ፣ በታክሲ የእንጦጦን ዳገት ስንወጣ፣ ማታ ጋደም ስል ይመጣብኛል። እስኪ ጽፌው ይውጣልኝ።

ሱሉልታ ከገባን ሦስት ዓመታችን ነው። ቤታችን ከመስኩ ጠርዝ ላይ ነው። በክረምት የሳሎናችን ወለል ላብ ያልበዋል፤ ነሐሴ ላይ ምንጣፉን ስታነሡ ሥሩ ርሶ ታገኙታላችሁ። ባለቤቴ የቧንቧ ሠራተኛውን ይወቅሳል። በበጋ ደግሞ በደጃችን የሚያልፈው ገልባጭ መኪና ሁሉ የመንገዱን ግማሽ አስነሥቶ ሳሎናችን ውስጥ ያራግፈዋል። አቧራ የዚህ ታሪክ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ በዓይን የማይታይ ብርሃን ነው።

የሪሞቱ ብልጭታ

ነገሩ የተጀመረው በቴሌቪዥን ሪሞት ነው። አልሠራ ሲለን፣ የተበላሸው እሱ ይሁን ቴሌቪዥኑ ለማወቅ የስልኬን የፊት ካሜራ ከሪሞቱ አፍንጫ ፊት ደቅኜ ቁልፉን ተጫንኩት። በዓይኔ ስመለከተው ምንም የለም። በስልኩ ላይ ግን ወይን ጠጅ ቀላቀል ያለ ነጭ ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል። ሪሞቱ ደኅና ነበር። እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ደኅና አልሆንኩም።

የሰው ዓይን የሚያየው የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር አካባቢ የሆነውን ብርሃን ነው። ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራ ሴንሰር የሚሠራበት ሲሊከን ግን እስከ 1,100 ድረስ ይሰማዋል። ይህ ትርፍ ስሜት ቀለም ስለሚያበላሽ፣ ሠሪዎቹ ከሴንሰሩ ፊት ይህን ከቀይ ባሻገር ያለ ብርሃን፣ ኢንፍራሬዱን፣ የሚያግድ ስስ መስታወት ይለጥፋሉ። ካሜራው ከእኛ አብልጦ ማየት የሚችል ፍጡር ነው፤ እንደ እኛ እንዲያይ ዓይኑን ጋርደነዋል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ኸርሼል በ1800 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ብርሃንን በፕሪዝም በትኖ፣ ቴርሞሜትሩን ከቀዩ አልፎ ምንም ከማይታይበት ቦታ ሲያኖረው ሙቀቱ ከፍ ብሎ አገኘው። የፊዚክስ ሊቁ ሮበርት ዉድ ደግሞ በ1910 በዚያ በማይታይ ብርሃን የተነሡ፣ ዛፋቸው ነጭ ሰማያቸው ጥቁር የሆነ ፎቶግራፎችን ለሰው አሳየ።

የመጀመሪያ ማጣሪያዬ ምንም ገንዘብ አልወጣበትም። ድሮ ፎቶ ቤት ታጥቦ የመጣ የቀለም ፊልም ጫፍ ላይ ብርሃን የፈጀው ጥቁር ቁራጭ አለ። የሚታየውን ብርሃን ያግዳል፤ ኢንፍራሬዱን ያሳልፋል። ከእናቴ ሣጥን፣ ከሠርጓ ፊልሞች መሐል ሁለት ቁራጭ ቆርጬ (ይህን እስከ ዛሬ አላወቀችም) ደራርቤ ሌንሱ ላይ አሰርኩት። ካሜራው የራሱ መጋረጃ ስላለው አንድ ፎቶግራፍ በቀትር ፀሐይ እንኳ ሠላሳ ሰከንድ ይፈጃል። በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ነፋሱ ሳሩን ያወዛውዘዋል፤ ላም ጭራዋን ትወዘውዝና ጭራ የሌላት ላም ሆና ትወጣለች። ቢሆንም ባሕር ዛፎቹ ነጭ ነበሩ። ምኒልክ ያስመጡት፣ ከተማውን ያሞቀውና ያጠረው፣ ማገዶ ብቻ አድርገን ስናየው የኖርነው ባሕር ዛፍ እንደ አመዳይ ነጭ ሆኖ ቆሞ ሳየው ስልኬን አንሥቼ ለማን ልደውል አልኩ።

ቅጠል የሚመገበው ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ነው። ከቀይ ባሻገር ያለውን አይፈልገውም፤ በሴሎቹና በመሐላቸው ባለው አየር እያነጠረ አብዛኛውን ይመልሰዋል። ስለዚህ ይነጣል። አየር ደግሞ የሚበትነው አጭሩን ሞገድ፣ ሰማያዊውን ነው፤ ረጅሙን እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ ሰማዩ ይጠቁራል፤ ደመናው እንደ ባዘቶ ይጎላል። ውኃም ይጠቁራል፤ ብርሃኑን ይውጠዋል፤ ከላዩ የሚያንጸባርቀውም ያንኑ የጠቆረ ሰማይ ነው።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያን ጊዜም አንብቤያት ነበር። በእርሳስ አስምሬባታለሁ።

ስድስት ሲኒ ብሎን

ሠላሳ ሰከንዱ ሰለቸኝ። መፍትሔው መጋረጃውን ከውስጥ ማንሣት ነው፤ ኢንፍራሬድ ከልካዩን መስታወት አውጥቶ በምትኩ ከ720 ናኖ ሜትር በላይ ያለውን ብቻ የሚያሳልፍ መስታወት መግጠም። ውፍረቱ ከወጣው ጋር ካልተመጣጠነ ካሜራው ጥርት አድርጎ ማየት ያቅተዋል። በልክ የተቆረጠውን መስታወት የአክስቴ ልጅ ከዱባይ አመጣልኝ። አሮጌ ካኖን ካሜራ ነበረኝ፤ ይዤው ፒያሳ ወደሚገኝ አንድ ጠጋኝ ሄድኩ። አየውና መለሰልኝ። «እኔ አልነካውም፤ አንቺ ከነካሽው ግን ባትሪውን አወጣሁ ብለሽ እንዳትዘናጊ» አለኝ። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው የፍላሹ ካፓሲተር ወደ 300 ቮልት ይዞ ይቆያል፤ ባትሪው ከወጣ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ሰው ያስፈነጥራል። ይህን ምክር በነጻ ሰጠኝ። እግዜር ይስጠው።

አንድ ቅዳሜ ማታ ቤቱን አስተኛሁ። እናቴ ስትጠርግ እንደምታደርገው መጀመሪያ ወለሉን ውኃ ረጨሁት፤ አቧራው እንዲተኛ። መስኮት ዘጋሁ፣ መጋረጃ አወረድኩ፣ ሹራቤን አውልቄ ብናኝ በማይተው ሸሚዝ ቀየርኩ። ካቻቢቴውን፣ ወረንጦውን፣ የአየር መንፊያ ጎማውን ደረደርኩ። ብሎኖቹ እንዳይደባለቁብኝ ረከቦቱን አቀረብኩና በየደረጃው የወጡትን በየሲኒው አደረግኋቸው። የጀርባው ሽፋን፣ አንድ ሲኒ። የላይኛው ሽፋን፣ ሁለተኛ ሲኒ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ድመታችን ረከቦቱ ላይ ወጣች።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ እንኳ አልቸኮልኩም ነበር፤ የቸኮለችው ድመቷ ናት። የለቀምኩት ግን እኔ ነኝ፣ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ በጉልበቴ፣ በስልክ መብራት።

መስታወቱ ተቀየረ። አንድ ብሎን ተረፈችኝ፤ እስካሁን የት እንደሆነች አላውቅም፣ ካሜራውም አልጠየቀኝም። በማግሥቱ ደመና አነሣሁ። ነጩ ደመና ላይ አንዲት ብናኝ፣ ከቀኝ ጥግ ዝቅ ብላ፣ ተቀምጣለች። ነፋሁባት፤ አልሄደችም። ከመስታወቱ በላይ ሳይሆን በታች ነበረች፤ በመስታወቱና በሴንሰሩ መሐል ታሽጋ። እንደገና ከፈትኩት። እሷን አወጣሁና ሦስት አስገባሁ። ሦስተኛ ጊዜ ከፍቼ ሦስቱን ሳወጣ አንዲት ገባች። እዚያ ላይ ተስማማን።

ጉድፍ ፍለጋ

ስለ ጽዳት ከመናገሬ በፊት ኃጢአቴን ልናዘዝ። ካሜራ በገዛሁ በመጀመሪያው ዓመት ሴንሰሩ ላይ አቧራ አየሁና በአፌ እፍ አልኩበት። ምራቄ ነጠብጣብ ሠራ። እሱን ላጸዳ ከመድኃኒት ቤት በተገዛ አልኮልና የጆሮ ጥጥ ጠረግሁት። አልኮሉ ዥንጉርጉር ጥሎ ደረቀ፤ ጥጡ ክሩን ተወ። ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ማለት እኔ ነኝ። የታደግኸኝ ስስ መስታወት ሆይ፣ ተመስገን፤ የምንጠርገው ሴንሰሩን ራሱን ሳይሆን ከፊቱ ያለውን ያንን መስታወት ነውና ጉዳቱ የሚመለስ ሆነ።

አሁን ሥርዓት አለኝ። መጀመሪያ ሌንሱን ወደ ጠባቡ ቀዳዳ፣ ወደ 16 ወይም 22 አደርገውና ሆን ብዬ ደብዘዝ አድርጌ ነጭ ወረቀት አነሣለሁ። ቀዳዳው ሲጠብ የአቧራው ጥላ ይጠነክራል፤ ሰፊ ሲሆን ተበትኖ ይጠፋል። ከዚያ ባትሪውን እሞላለሁ፤ በጽዳት መሐል ባትሪ ካለቀ ወደ ላይ የተነሣው፣ ምስሉን ወደ ማያ ቀዳዳው የሚያንጸባርቀው መስታወት እጅ ላይ ይወርዳል። የካሜራውን አፍ ወደ ምድር ደፍቼ በጎማው እነፋለሁ። ያልለቀቀ ካለ በሴንሰሩ ስፋት ልክ የተሠራውን መጥረጊያ በሁለት ጠብታ ፈሳሽ አርሼ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር፣ ገልብጬ አንድ ጊዜ መልስ። ሦስተኛ የለም። አቧራውን ስፈልግ ደግሞ ፎቶግራፉ ላይ ከላይ ያየሁትን ሴንሰሩ ላይ ከታች እፈልገዋለሁ፤ ምስሉ ውስጥ የሚገባው ተዘቅዝቆ ነው። ፊት ለፊት ሆኜ ስመለከት ቀኝና ግራው ግን እንዳለ ነው። ይህችን ለመረዳት አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ኢንፍራሬድ ግን የለመድኩትን ገለበጠብኝ። በተራ ፎቶግራፍ አቧራ የሚታየው ሰማይ ላይ ነው፤ ሳር ላይ በሳሩ ዝብርቅ ውስጥ ይደበቃል። እዚህ ሰማዩ ጥቁር ስለሆነ አቧራውን ይውጠዋል፤ ሳሩ ነጭ ስለሆነ ያጋልጠዋል። መስኩ በሙሉ እንደ ተዘረጋ ነጠላ ነው፤ እያንዳንዷ ጠብታ ትታያለች። እኔ ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የአምስት ሳንቲም ልዩነት እንቅልፍ የሚነሣኝ ሰው ነኝ። በየማታው ኮምፒውተር ላይ ተጎንብሼ በማረሚያው መሣሪያ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ክብ፣ ጥቁር፣ ጠርዙ የደበዘዘ ነገር ሁሉ ጉድፍ ነው። ባለቤቴ አንድ ማታ ከኋላዬ ቆሞ አይቶ «ቅማል ነው የምትቀሚው?» አለኝ።

የጥቅምቱ ፎቶግራፍ የተነሣው በዚህ ወራት ነው። ሽማግሌው በመስካቸው ራስጌ ባለው ጉብታ ላይ እንድወጣ ፈቅደውልኝ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሌላው ፎቶ አንሺ ካሜራውን በሚከትበት በቀትር፣ አምስት ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ እየዞርኩ አነሣሁ። ከአምስቱ አንዱን መረጥኩ። ቁጭ ብዬ አጸዳሁት። አርባ ሰባት ነጥብ አጠፋሁ። ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ኮርቼባቸዋለሁ።

በረዶ መታው እንዴ?

ሽማግሌው እኔን በአማርኛ፣ ላሞቻቸውን በኦሮምኛ ያነጋግራሉ። ስጦታ ይዤ እንደመጣሁ ሲያውቁ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠራርገው ተቀበሉኝ። መጀመሪያ የተናገሩት ስለ ምንጩ አልነበረም። ፊታቸው ደነገጠና «በረዶ መታው እንዴ?» አሉ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ስለ ኢንፍራሬድ ያነበብኩት ሁሉ ነጩን ሳር ሕልም ይለዋል፣ ተረት ይለዋል፣ የክረምት ውበት ይለዋል። እኔም እንደዚያ አየሁት። ለሰው ያሳየሁትም «አያምርም?» እያልኩ ነው። እሳቸው መስካቸው ነጭ ለብሶ ሲያዩ ያሰቡት ግን ነጭ የሚያለብሰውን አንዱን ነገር ነው፤ እህል የሚያወርደውን፣ ጥጃ የሚገድለውን። «የለም አባባ፣ በሽታም በረዶም አይደለም፤ ይህ ካሜራ ቅጠሉን እንዲህ ነው የሚያየው። እንዲያውም ነጭ የሆነው ለምለም ስለሆነ ነው» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ለምለሙን ነው ነጭ የሚያደርገው?» አሉ። «አዎ።» «የደረቀውንስ?» «የደረቀው ያን ያህል አይነጣም።» ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንዳመኑኝ እንጃ።

ከዚያ አገራቸውን ወረቀቱ ላይ መፈለግ ጀመሩ። ባሕር ዛፉን አገኙ። የቤታቸውን ቆርቆሮ አገኙ። የድርቆሹን ክምር፣ የልጃቸውን አዲስ ጎጆ። አውራ ጣታቸው ከክምሩ ተነሥቶ፣ ላሞቹ በየቀኑ በሚሄዱበት መንገድ ቁልቁል ወርዶ፣ ቆመ። የቆመበት ቦታ ንጹሕ ነበር። እኔ ነኝ ያጸዳሁት።

የሚያሳፍረኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ወዲያው ገብቶኛል። ክቧ፣ ጥቁሯ፣ ጠርዟ የደበዘዘ ነጥብ ትዝ ብላኛለች። «ሳሩ ጋርዶት ይሆናል አባባ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ሳር ምንጭ ይጋርዳል? ምንጭ ነው ሳሩን ያበቀለው፤ ልጄ።» ከዚያ ፎቶግራፉን መደቡ ላይ አኑረው እርጎ እንዲመጣልኝ ወደ ጓዳ ተጣሩ። እርጎው ጥሩ ነበር። አልወረደልኝም።

ያን ማታ አምስቱንም ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ከፈትኳቸው። ሴንሰር ላይ ያለ አቧራ የትም ብትዞሩ ከቦታው አይነቃነቅም፤ በአምስቱም ላይ አንድ ጥግ ይዞ ይጠብቃችኋል። ያቺ ነጥብ ግን ካሜራው ወደ ቀኝ በዞረ ቁጥር ከባሕር ዛፉና ከቆርቆሮው ጋር አብራ ወደ ግራ ተጉዛለች። መስኩ ላይ ነበረች። ሁለቱን ብቻ ባስተያይ ይበቃኝ ነበር። ቢሮ ውስጥ የባንክ ሒሳብ ሳስታርቅ ያላመሳከርኩትን ቁጥር ሰርዤ አላውቅም፤ የሰረዘ ባልደረባ ሳይ እቆጣለሁ።

ይብስ ያናደደኝ ደግሞ ሌላ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1972 ጀምሮ የአሜሪካ የላንድሳት ሳተላይቶች መሬትን በዚሁ ብርሃንም ያነሣሉ። ሐይቁንና ኩሬውን ከየብሱ ለመለየት ከሚረዷቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የውኃ መጥቆር ነው። ከእኛ ጀርባ እንጦጦ ላይ አገራችን በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ያመጠቀችው የመጀመሪያ ሳተላይት መቆጣጠሪያ ጣቢያ አለ፤ ከደጃችን ሆኜ ጋራውን አየዋለሁ። ሌላው ሰው ውኃ የሚፈልግበትን ጥቁረት እኔ ውኃ ላጠፋበት ተጠቀምኩበት። በእርሳስ አስምሬበት ነበር እኮ።

ደግሞ አነጋገራቸው። «ምንጩ የት አለ?» አላሉም፤ «ምን አደረግሽው?» አሉ። አንድ ሰው የሆነ ነገር እንዳደረገው እርግጠኛ የሆነ ሰው አጠያየቅ ነው። ከየት አመጡት? ይህን ለወራት አገላበጥኩት።

በጥር እንደገና አሳትሜ ሄድኩ። ሳሩ ታጭዶ መስኩ ገጥጧል። በዚህኛው ላይ አንዲትም ነገር አልነካሁም፤ ምንጩ አለ፣ ከመስታወቱ ሥር የታሸገችው ብናኝም ደመናው ላይ አለች። ስለ ሳሩ የነገርኳቸው ውሸት መሆኑን፣ ምንጩን ጉድፍ መስሎኝ ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ሳቁ፤ እኔ እስከምጨርስ አልጠበቁም። ጣታቸውን ወደ ደመናው አንሥተው «ይቺስ?» አሉ።

«እሷ ትቢያ ናት አባባ። ካሜራው ውስጥ ገብታ ቀረች።»

«ከየት ገብታ?»

«ከመንገዱ ነዋ።»

«እንግዲያማ የአገራችን ናት፤ ትኑር» አሉና ጣታቸውን መልሰው ምንጩ ላይ አኖሩት። ቀስ ብለው፣ ላም እንደሚነዱ፣ ከምንጩ ወደ ቀኝ ወሰዱት። ሦስት ነበሩ አሉኝ፤ ይቺ ትንሿ ናት። ሁለተኛው ከዚህ ወዲያ ነው፤ በደርግ ጊዜ ከብት ሁሉ የሚጠጣበት ትልቁ። አፈር ደፉበት፤ ብዙ መኪና አፈር። እያወሩ ጣታቸው ነጩን ሳር አቋረጠ፤ ባሕር ዛፎቹን አለፈ፤ ከወረቀቱ ጠርዝ ወጣ፤ መደቡ ላይ አንድ ጋት ያህል ሄዶ ቆመ።

«እዚህ ጋ ነበር» አሉ።

ጎንበስ ብዬ ፎቶግራፉን አየሁ። ቤታችን ከቀኙ ጠርዝ ውጭ፣ ከባሕር ዛፎቹ ወዲያ፣ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው።